በቁርባን ቀን የዋጥሁት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የሰው ደብዳቤ አንብቤ አሰምቻለሁ፤ በራሴ እጅ ጽፌ የላክሁት ግን የለም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ልናገር ስል እጄ ሳላዘው ነጠላዬን ወደ አፌ ያነሳዋል። ወረቀት ዓይን የለውምና እስቲ ለእሱ ልንገረው ብዬ ነው።

ያስጀመረኝ ነገር ይህ ነው። በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሴቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ስድስተኛ የደረሰች ሴት ጠፍታ ነው እንጂ እኔ ለዚህ የምመረጥ አልነበርሁም። ባለፈው ሰሞን አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ሴቶቹ፣ አብዛኞቹ እናቴን የሚያህሉ ናቸው፣ በነጠላ ጫፍ አፋቸውን ከልለው ሲያነቡ ሰማና ፊቱን አጨማደደ።

«ይኸ ምንድን ነው? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ? ይግለጡትና ይጩሁ! እምቢ ያለችሽን አንቺው ግለጫት!»

«እሺ» አልሁት። እሱ ሲሄድ ግን ምራቄ መረረኝ። የጠመኔና የሲጋራ ጣዕም አፌን ሞላው። ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ጣዕሙ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤታችን ከላሊበላ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይርቃል። ሰባተኛ ክፍል የለውም። የስድስተኛን ፈተና ያለፈ ላሊበላ ሄዶ ይማራል፤ ያላለፈ ወንድ ከሆነ ወደ እርሻው፣ ሴት ከሆነች ወደሚጠይቃት ሰው ቤት ነው። እኔ ላሊበላ አክስት ነበረችኝ። ሆቴል ውስጥ የአልጋ ልብስ ታጥባለች። አንድ ገና በዓሉን ለመሳለም ሄደን እሷ ዘንድ ሰነበትንና፣ የታጠበውን አንሶላ ተሸክሜ ሆቴሉ ድረስ ሸኘኋት። እዚያ ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ወጣት ሴት ቆማ ለሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች በእንግሊዝኛ ስትነግራቸው አየሁ። ድምፅዋን አላነሳችም። ዓይኗ እንኳ ግማሹ ወለሉ ላይ ነበር። ፈረንጆቹ ግን ቃሏ እንዳያመልጣቸው ወደ እሷ ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ።

እንደ እኔ ያለ ዓይን አፋር ሰው ጎንበስ ተብሎ ይሰማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባተኛ ክፍል ሲባል ለእኔ ያ ጠረጴዛ ማለት ሆነ። ለዚያ ደግሞ እንግሊዝኛ ማለፍ ነበረብኝ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ሰው ነበር። ጓድ መምህር ነበር የምንለው። ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ነው። ከሩቅ ላየው ንጹሕ ሰው ነው። ከቅርብ ግን ጣቶቹ ነበሩ የሚታዩት። በሲጋራ ጭስ ቢጫ ሆነው፣ በጠመኔ ነጭ ሆነው፣ የትንሿን ጣቱን ጥፍር ደግሞ አሳድጓት ነበር። እኛ ከሰሌዳ ስንገለብጥ በዚያች ጥፍር ጆሮውን ይቆፍርና ያወጣውን አየት አድርጎ በሱሪው ኪስ አፍ ላይ ይጠርገዋል።

እንግሊዝኛን የሚያስተምረው በአፍ ነው። «ደብተራችሁ ውስጥ አይደለም ያለው፣ እዚህ ነው ያለው!» እያለ የራሱን ከንፈር ይጠቁማል። ይህ ውሸት አልነበረም፤ አሁን ሳስበውም ውሸት አይደለም። ግን ከመጽሐፉ ሁሉ አንድ ድምፅ መርጦ እሱን የሙጥኝ አለ። እኛ «ዚስ» ብለን የምናልፈውን ቃል፣ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ ካልታየ አልተባለም ይላል።

በእኛ አገር ምላስ ማውጣት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ልጅ በእናቷ ላይ ምላሷን ካወጣች በርበሬ ይቀባላታል። ታላቅ ላይ ካወጣችማ የሚነገር አይደለም። ወንዶቹ ልጆች እንደ ጨዋታ ያዙት፤ የልባቸውን ነው ያገኙት፣ መምህር ላይ ምላስ አውጥቶ መመስገን። እኛ ሴቶቹ ግን አንገታችንን ደፋን። ያኔ ከመቀመጫ መቀመጫ እየዞረ አገጫችንን ይይዝና፣ በሁለት ጣቱ ምላሳችንን ስቦ ያወጣል። ስቦ ይዞ «በይ!» ይላል። ምላሷ የተያዘች ሴት ምን ትላለች? እንደ በግ ግልገል ያለ ድምፅ ነው የሚወጣት። ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ጣቱን ሳይጠርግ ወደሚቀጥለዋ ይሄዳል። ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ጉንፋን ይዟት፣ ጣቱ ላይ የሚያብረቀርቀውን ነገር እያየሁ ተራዬን የጠበቅሁበትን ቀን እስከ ዛሬ ሳስታውስ ምግብ ፊቴ ካለ ገፋ አደርገዋለሁ።

ተመትቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። አባቴ ቄስ ነው፤ ዳዊት ያስደገመኝ እሱ ነው። እሱ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ፣ እኔ እየተከተልሁት አነባለሁ። ስሳሳት በአርጩሜ ባቴን ሸንቆጥ ያደርገኛል። አልቅሻለሁም። ግን አርጩሜ ከቆዳ ውጭ ይቀራል፤ ማታ እናቴ ቅቤ ስትቀባኝ ያልፋል። አፍ ውስጥ የገባ ጣት የት እንደሚቀባ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ እፎይ አልን። ኅዳር ውስጥ ጓድ መምህር ለሴሚናር ወልድያ ሄደና የአማርኛ መምህራችን ደርባ ያዘችን። እሷ ራሷ እንግሊዝኛው ብዙ እንደማይሆንላት ነገረችን። የመጀመሪያው ቀን እንደለመድነው አፋችንን ሸፍነን ስንንሾካሾክ አየችና፣ ሊመጣ የሚችለውን እየጠበቅን ስንፈራ፦

«በነጠላሽ ውስጥ ሆነሽ በይው» አለችኝ። «እኔ ድምፁን ነው የምፈልገው። ምላስሽን ምን ላደርገው ነው?»

ነጠላዬ ውስጥ ምላሴን በጥርሴ መካከል አድርጌ አልሁት። ማንም አላየኝም። ድምፁ ግን ወጣ፤ ቀጭን፣ ንብ እንደሚል ያለ። ከጎኔ ያለችው ልጅም አለችው። ኋላም ሁለት ሁለት ሆነን እየተጠያየቅን እናነብ ጀመር። በዚያ ሰሞን ከመጽሐፉ ሦስት ምንባብ አለፍን። ወደ ቤት ስሄድ ለአህያዋም ለበጎቹም በእንግሊዝኛ እነግራቸው ነበር። እናቴ ሰምታ «ምን እያልሻቸው ነው?» አለች። «ይህች አህያ ናት፣ እያልኋት ነው።» «እሷ መች ጠፋት!» ብላ ሳቀች።

ስለዚህ ችግሩ ጭንቅላቴ እንዳልነበር አውቃለሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር ያልሁበት ጊዜም አለ።

ጓድ መምህር ሲመለስ የሆነውን ሰማ። መጀመሪያ ያደረገው እኛን እያስመሰለ በመሀረብ አፉን ሸፍኖ መንሾካሾክ ነበር። «የሙሽራ እንግሊዝኛ!» አለ። «በነጠላ ውስጥ የሚነገር ቋንቋ እናንተ አገር ነው ያየሁት። አብዮቱ የገለጠውን እናንተ ትሸፍናላችሁ!» ወንዶቹ ሳቁ። የአማርኛ መምህራችን በረንዳው ላይ ቆማ ሰማችውና ወደ ክፍሏ ገባች።

ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ቆረብሁ። ጠዋት ቅዳሴው እንዳለቀ እናቴ አፌን በነጠላ ሸፍና ወደ ቤት ወሰደችኝ። ቆራቢ በዚያን ቀን አይተፋም። የተቀበለውን ይዞ መዋል ነው፤ ምራቁንም ቢሆን ይውጠዋል። አጥንትና ፍሬ ያለው ምግብ እንኳ የማይሰጠው ለዚህ ነው። የእኛ ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ነበር። በሃይማኖት በዓል መቅረት ደግሞ በዚያን ዘመን ያስጠይቃል፤ የቄስ ልጅ ስትሆኚ የባሰ ያስጠይቃል። አባቴ «ሂጂ፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ያየሽ ሁሉ ያውቃል» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ያየኝ ሁሉ አወቀ። በማርያም ዕለት አፏን ሸፍና የምትሄድ ልጅ ምን እንደሆነች የእኛ አገር ሰው ይጠፋዋል? ወንዶቹ እንኳ መንገድ ለቀቁልኝ። ጓድ መምህርም ያውቃል። የሌላ አገር ሰው ይሁን እንጂ እሱም የማርያምን ጠበል ጠጥቶ ያደገ ነው።

ገና ከመግባቱ፦ «አንቺ የቄሱ ልጅ፣ ተነሺ» አለ።

ተነሳሁ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ለእኔ አዝና፣ «ጓድ መምህር፣ ቆርባለች» አለችው።

«ምን በልታ?»

የሳቀ አልነበረም ማለት እወድ ነበር። ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። እሱም ሳቃቸው ደስ ብሎት ወደ እኔ መጣ።

«እንግዲያው ምላስሽ ዛሬ ተቀድሷል። አሳዪን እንጂ፤ ምን ትደብቂናለሽ? እንሳለመው!»

ነጠላዬን ገለጠው። ጥርሴን ነከስሁ። ጉንጬን በሁለት በኩል ሲጨምቀው አፌ ከፈት አለ፣ ጣቶቹም ገቡ። ደረቅ ጠመኔ፣ ከእሱ ሥር የሲጋራው ምሬት፣ ከእሱም ሥር ሌላ ነገር፣ ምን እንደሆነ ማሰብ የማልፈልገው። የጥፍሩ ጫፍ ከምላሴ በታች ወጋ አደረገኝ። ወደ ላይ አለኝ፤ ማስታወክ እንደሌለብኝ አውቅ ነበርና ጉሮሮዬን ዘጋሁ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ከውስጤ ወጣ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ። ጣቱን አውጥቶ ለክፍሉ እያሳየ፦ «ሰማችሁ? እሱ ነው ድምፁ! እምቢ ያለችው ወጣላት!»

የታነቅሁበትን ድምፅ ነበር እንግሊዝኛ ነው ያላቸው።

አፌ በምራቅ ሞልቶ ነበር። ሁሉም አፌን ነው የሚያየው፤ ሳቂዎቹም ጭምር። የማርያም ዕለት ነው፣ ቆርቤያለሁ፤ ትተፋ ይሆን ወይስ ትውጥ? እሱ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ ያየኛል። ዋጥሁት። ጠመኔውን፣ ሲጋራውን፣ ከሥሩ ያለውንም። ከቁርባኑ ጋር አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ ይህ ነው፤ አንድ ላይ መግባታቸው።

ወደ ቤት ስደርስ ለእናቴ ነገርኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፦

«ተፋሽ?»

«አልተፋሁም።»

«ዋጥሽው?»

«ዋጥሁት።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የደስታ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። አባቴ ጭራውን ሲያወዛውዝ ቆየና፣ «በዚህ ዘመን መምህሩን መናገር መንግሥትን መናገር ነው፤ እግዜር ይየው» አለ። እኔም አገጬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ቤታችን ውስጥ የተጸየፈ ሰው እኔ ብቻ መሰልሁ።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ አልሆነልኝም። ስንፍና አይደለም። መጽሐፉን ስከፍት ምላሴ ሳላዘው ይሸሻል፣ ወደ ጉሮሮዬ ይሰበሰባል። ቀስ ብዬ በልቤ ሳነብም ያው ነው፤ ከሁለተኛው ቃል ላይ ጣዕሙ ይመጣል። ኅዳር ላይ ለአህያ የምነግራትን ግንቦት ላይ አላውቀውም። በሒሳቡና በአማርኛው ክፍል ከሚመሰገኑት ነበርሁ። እሱ ግን በየክፍለ ጊዜው «ያቺ የወጣላት የት አለች?» ይለኛል፤ እንደ ቁም ነገር፣ እንደ ኩራት። እኔን ያስተማረኝ ይመስለው ነበር። ይህን ሳየው ከጣቱ በላይ ፈገግታው ያስጠላኝ ጀመር።

ፈተናው ላይ አፍ መክፈት የለም፤ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ ብቻ ነው። አሁን ይወጣልኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱ ሲታደል ግን ምራቄ ሞላ። ስውጥ፣ ሲሞላ፣ ስውጥ፣ ጊዜው አለቀ። ብዙውን በግምት አከበብሁት።

ውጤቱ በክረምት መጣ። ሌላው ሁሉ ይዞኝ ነበር፤ እንግሊዝኛው ጎትቶ ጣለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ አባቴ አንድ መንገድ እንዳለ ሰምቶ መጣ። ስድስተኛን መድገም ይቻላል፤ ለደጋሚ የሚተርፈው ቦታ ግን ጥቂት ነው፣ ማን እንደሚገባም የሚወስነው በዚያ ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር የሆነው ጓድ መምህር ነው። አባቴ ምሳ ጠራው። ጳጉሜን ላይ ነው። እናቴ ዶሮ ሠራች፤ የነበረችን አንዲት እንቁላል ጣይ ናት የታረደችው።

እጁን ያስታጠብሁት እኔ ነኝ። ውሃውን ከማንቆርቆሪያው ሳፈስለት ጣቶቹን አየኋቸው። ውሃው ላያቸው ላይ እየወረደ ቢጫው አይለቅም። ቶሎ ቶሎ አፈሰስሁበት።

«ቀስ! ልታጥቢኝ ነው ልታሰምጪኝ?» አለና ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ።

ከበሉ በኋላ አባቴ ነገሩን አነሳ። በዕድሜ ልጁ የሚሆነውን ሰው አንቱ እያለ ነው የሚያናግረው።

«ጓድ መምህር፣ ይህችን ልጅ እንደ ልጅዎ ይይዙልኝ። ለአንድ ዓመት ነው።»

«አባታችን፣ ልጅዎ ብልህ ናት። አፏ ነው የተቆለፈው። ቋንቋ ደግሞ አፍ ካልተከፈተ አይገባም።»

«እንግዲያው እርስዎው ይክፈቱላት» አለ አባቴ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ ቆሜ ነበር። አባቴ የጥርን ነገር ረስቶት ነው ወይስ አስታውሶ ነው ያለው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ጓድ መምህር እንጀራውን ቆረሰ፣ ወጡን ጨለፍ አደረገ፣ በጣቶቹ ጠቅልሎ አሳመረው። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

«ነይ እስቲ። በእንግሊዝኛ ተጣልተናል፣ በወጥ እንታረቅ። ይቺን ከጎረስሽልኝ መስከረም ላይ ስምሽን እኔው ራሴ አስመዘግበዋለሁ። በአባትሽ ፊት ቃሌ ነው።»

ጉርሻ እምቢ አይባልም። እንግዳ፣ ያውም ልመና የተለመነ እንግዳ፣ እጁ አየር ላይ እንደቆየ አይመለስም። ወጡ ከጣቱ ወደ አንጓው እየወረደ ነው። ያቺ ከጠረጴዛው ኋላ የቆመችው ሴት ታየችኝ። እንዲያው ያቺን ብዬ እንጂ ለእሱ ብዬ አይደለም።

«ጉረሺ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ አባቴ።

ከፈትሁ። ጣቶቹ እስከ መንጋጋዬ ድረስ ገቡ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ምላሴን ወደ ኋላ ባሸሸውም አገኙት፣ ነኩትና ወጡ። ጣቶቹን ላሰ፤ አንድ በአንድ።

«አየሽ ሲከፈት?» አለ። «አንድ ያጣላል ይባላል፤ ቆይ ሁለተኛዋን።»

ውሃ ላመጣ እንደሚሄድ ሰው ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ወጣሁ። አልዋጥሁትም። ጉንጬ ውስጥ አድርጌ ነው የወጣሁት። ማዕድ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍሁ። ከዋጥሁት መስከረም ላይ እዚያ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ከጣቶቹ ጋር፣ ከነጥፍሩ፣ ሌላ አንድ ዓመት። ካልዋጥሁት ላሊበላ የለም። መዋጥ አልቻልሁም፤ አለመትፋትን ለምጄው መሰለኝ፣ መትፋትም አልቻልሁም። ዶሮውና ሲጋራው አፌ ውስጥ ተቀላቀሉ።

እናቴ የወጡን ድስት ይዛ ተከትላኝ ገባች። አየችኝ። ያበጠ ጉንጬን አየች፣ ዓይኔን አየች፣ ከዚያ በሩን ዞራ አየችው፤ ከውስጥ የጓድ መምህር ሳቅ ይሰማል። ድስቱን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ከዚያ በፊት እሷ ላይ አይቼው አላውቅም፤ እኔ ፊት ላይ ሁልጊዜ የነበረ ይመስለኛል። ከንፈሯ ተጣመመ፣ አፍንጫዋ ተሸበሸበ። መዳፏን እንደ ሰፌድ ዘርግታ ከአገጬ ሥር አደረገችልኝ።

«ትፊው ልጄ» አለችኝ። «ዛሬ አልቆረብሽም።»